የማትታየው ክፍተት

ስክሪኑ ላይ ያው ቀይ መስመር ተመልሶ መጣ። «መስመር ስድስት፤ የማይታወቅ ምልክት» ይላል። ሺዮሪ ዓይኗ እስኪደክም ብታፈጥም መስመር ስድስት ላይ አንዲት ስሕተት አጣች። ኮምፒውተር ደግሞ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም፤ ቢለምኑትም ቢያለቅሱበትም ያንኑ ነው የሚደግመው።

ከልብስ ስፌት ክፍል ወደ ኮምፒውተር ክፍል እንዲያዛውሯት አስተማሪውን ኩሮይዋን፣ በጃፓንኛ «ሰንሰይ» የሚሏቸውን፣ ደጅ ስትጠና ከርማለች። በመጨረሻ፣ «በሲ የኮምፒውተር ቋንቋ የመጀመሪያ ፕሮግራምሽን ራስሽ ጽፈሽ ዛሬ ከደወል በፊት ካስኬድሽ ትቀሪያለሽ፤ አለበለዚያ ወደ መርፌሽ» አሏት። አሁን ደወሉ ሊደወል ነው።

«የኔን ልኬልሻለሁ» አለ ጎኗ የተቀመጠው ካናሜ በሹክሹክታ። «ክፈቺና አስኪጂው።»

«ያንተን?»

«ያው አንድ ዓይነት ነው እኮ! አታካብጂ፣ ሰንሰይ መጡ!»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ከፈተችው። በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ኮንኒቺዋ» የሚል ሰላምታ ብቅ አለ። ሰንሰይ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ጎሽ! በቃ፣ የኛ ሆንሽ» ብለው አለፉ። ደወሉ ተደወለ።

ደስ ሊላት ሲገባ እንባዋ መጣ። ልጆቹ መጥረጊያ አንስተው ክፍሉን ማጽዳት ጀመሩ። እሷ ግን የራሷን ፕሮግራም መልሳ ከፈተች፤ በመስመር ስድስት ላይ ጠቋሚውን በቀስት ቁልፉ አንድ አንድ እያለች አስኬደችው። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ጠቋሚው በአንዴ የሁለት ፊደል ያህል ዘለለ።

«ውይ!»

ሰላምታውን በጃፓንኛ ጽፋ፣ የፊደል ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልስ የክፍተቱን ቁልፍ መትታ ነበር። የጃፓንኛው ክፍተት ሰፊ ነው፤ ሲ አያውቀውም፣ ዓይንም አይለየውም። አጠፋችና በእንግሊዝኛው ተካችው። አስኬደችው። «ኮንኒቺዋ።» የራሷ!

ካናሜ በመጥረጊያው እንጨት ወንበሯን ነካ አደረገ። «አለፍሽ እኮ! ምን ትጎረጉሪያለሽ?»

«የኔ የሠራው ከደወል በኋላ ነው።»

«እና? ማን አየሽ? ስፌት ናፈቀሽ እንዴ?»

አልናፈቃትም። ሰንሰይ ቦርሳቸውን ይዘው በሩ ጋ ደርሰዋል።

«ሰንሰይ!» ብላ ጠራቻቸው። «ቅድም ያዩት የኔ አልነበረም። የኔ ይሄ ነው፤ ደወሉ ቀድሞታል።»

ካናሜ መጥረጊያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሰንሰይ ከበሩ ተመለሱ። ሺዮሪ የራሷን ፕሮግራም ተቀምጠው እንዲያዩት ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።