የሚካኤል ዕለት ቁፋሮ

ፀደይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ዶማውን አነሳች። መሬቱን ስትመታው ክብሪት ይዘው የቆሙት ወንዶች ሁሉ ወደ እሷ ዞር አሉ። በኅዳር ሚካኤል፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በጠራራ ፀሐይ አፈር መቆፈር ምን እንደሚያስብል እሷም አታጣውም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አሏት አጎቷ አያ ገነነ።

ከቡሬ ወጣ ብላ ካለችው ከዚህች መንደር በላይ፣ ጉብታው ላይ ያለው ሣር ሰው ይውጣል። አምና በመጋቢት ከየት እንደተነሳ ያልታወቀ እሳት በዚያ ሣር ወርዶ የእማማ ወለተ ጊዮርጊስን ጎጆ አመድ አደረገው። ስለዚህ ዘንድሮ መንደሩ ከግብርና ባለሙያዋ ጋር መከረ። ሣሩ ክው ብሎ ሳይደርቅ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀው ይቃጠል ተባለ። አስቀድሞ ግን እሳቱ እንዳይሻገር ዙሪያውን አምስት እርምጃ ስፋት ያለው ባዶ አፈር ይቆፈር። ትናንት ሲመሽ ከቁፋሮው ሃያ እርምጃ ቀረ። የቀረውም ሌላ ቦታ አይደለም፣ በእማማ ወለተ ጊዮርጊስ አዲስ ጎጆ በኩል ነው።

አያ ገነነ ግን ዛሬውኑ ይለኮስ ባይ ናቸው። ነገ ሁሉም ወደየአጨዳው ይበተናል፤ ኅዳር ሚካኤል ደግሞ ድሮም ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው፤ በዓል የሚሽረው ቁፋሮ እንጂ እሳት አይደለም ብለው ሁሉንም አሳመኑ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያሉ ልጅ ሲመክሩ የኖሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ፀደይ በንዴት ጆሮዋ ጋለ። ክብሪት መጫር ተፈቅዶ ዶማ ማንሳት የሚከለከልበት በዓል አልዋጥላት አለ።

የአያ ገነነ ልጅ ይርሳው ተጠግቶ፣ «ሼም ነው ፀዲ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ ነው» አላት። ዶማ ካመጣህ አግዘኝ፣ ካላመጣህ ዞር በልልኝ አለችው። ዞር አለ።

ከሁሉ የከበዳት ግን እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ራሳቸው በምርኩዝ መጥተው መለመናቸው ነው።

«ተይው ልጄ። በእኔ ጎጆ የተነሳ በሚካኤል አትቀሰፊ።»

ክረምቱን ሙሉ እነሱ ቤት የከረሙት እኚህ ሴት፣ በፀደይ አልጋ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲያለቅሱ፣ እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ነው የከረመችው።

«እማማ፣ የሚቆጣ ከሆነ እኔን ይቆጣኝ» አለች። «እርስዎ ግን ሁለተኛ ቤት አልባ አይሆኑም።»

ነፋስ ከቆላው በኩል መጣና ሣሩን አስተኛው። አያ ገነነ ክብሪቱን በእጃቸው አገላበጡት። እሷ ሣሩ አጠገብ ቆማ እያለች መለኮስ አይችሉም፤ ይህን እሳቸውም እሷም ያውቃሉ።

«እሑድ ሽማግሌ ፊት ትቆሚያለሽ» አሉ በመጨረሻ።

«እቆማለሁ።»

መዳፏ ውኃ ቋጥሯል። የቀረውን በዓይኗ ለካችው፤ አሥራ ስድስት እርምጃ፣ ምናልባት እስከ ማታ። መዳፏን እትፍ ብላ አራሰችና ዶማውን እንደገና አነሳች።