ሳትኖር የቆለፈችው በር

የመሥሪያ ቤቱ አንጋፋ ፕሮግራመር ጋሼ የተገኙት ዋናዎቹ ኮምፒውተሮች ባሉበት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ሞተው ነው። በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው፣ አየር የሚያሳጣው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ተለቆባቸው፣ መዳፋቸው የበሩን ብረት እንደገፋ ቀርቷል። በሩም ጋዙም የሚታዘዙት በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ፣ «የበሩ ገጽ» በሚባለው በኩል ሲሆን፣ ትእዛዙ የተላለፈው በእህታቸው ልጅ ስም ነበር።

ልጅቷ ፈርታለች፤ ደግሞ ብትፈራ ምን ይገርማል። ከአጎቷ ጋር በሴሽን ጉዳይ ተጣልተው እንደነበር ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። ሴሽን ድረ ገጹ የገባውን ሰው እስኪወጣ የሚያስታውስበት ዘዴ ነው። እሷ ይህን ሥራ ክላስ በሚባል አንድ የኮድ ጥቅል ውስጥ ሰብስባ ገጾቹን በሙሉ በዚያ በኩል ማሳለፍ ጀምራለች። እሳቸው ግን እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ሴሽን ይያዝ ባይ ነበሩ። «በመቃብሬ ላይ» ብለዋታል።

«ያን ቀን ከመሄድሽ በፊት ከሴሽንሽ ወጥተሻል?» አላት መርማሪው።

«ወጥቻለሁ። ከወጣሁ ክላሱ ያጠፋዋል፤ በስሜ ማንም ማዘዝ አይችልም።»

በገዛ አፏ ገመዱን አንገቷ ላይ አጠበቀችው። ሥራ አስኪያጁም፣ «ሽቦ» የሚሉት የኔትወርክ ባለሙያም ለየብቻ ሲጠየቁ ያንኑ አሉ።

በማግስቱ መርማሪው ልጅቷን ሁሉም እያዩ ከሴሽኗ አስወጣት። ረዳቱን ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጦ ሦስቱን ይዞ ሰርቨር ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ።

«ረዳቴ አሁን በእሷ ኮምፒውተር ጋዙን ያዛል» አለ ረጋ ብሎ። «ሦስታችሁም አይሠራም ብላችኋል። እንግዲህ ምን ያሰጋናል?»

ልጅቷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሽቦ እሷን አየና እሱም ቆመ። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ተወረወረ።

«ክፈቱልኝ! የበሩ ገጽ ክላሱ ውስጥ አልገባም፣ ይሠራል!»

«ጋዙን ትናንት አስነቅለነዋል» አለው መርማሪው ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ። «እሷ ክላሷን አመነች፣ ሽቦ እሷን አመነ። እንደሚሠራ የሚያውቀው የሞከረው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ የበሩን ገጽ ራሴ ክላሱ ውስጥ አስገባዋለሁ ብለው ከእሷ ተቀብለው ትተውታል። ገጹ የራሱን ሴሽን እንደያዘ ስለቀረ፣ እሷ ብትወጣም እሱ አላወቀም። ለደንበኞች ግን ሁሉም ገጽ ክላሱ ውስጥ ገብቷል ብለው ፈርመዋል። ጋሼ ደረሱበት፤ ሊናገሩ ነበር። ስለዚህ እርስዎ፣ እሷ ስትሄድ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው በስሟ አዘዙ።»

ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሥራ አስኪያጁን ይዞት ሄደ።

መርማሪው ልጅቷን በጋሼ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጣት። የበሩ ገጽ በእሳቸው እጅ መታረም ጀምሯል፤ የመጀመሪያው መስመር የሚጠራው የእሷን ክላስ ነው።

«በመቃብሬ ላይ ብለውኝ ነበር እኮ» አለች።

ቀሪውን ራሷ ጻፈችው። ከዚያ ከሴሽኗ ወጥታ በሩን የሚቆልፈውን ቁልፍ ተጫነች።

«መጀመሪያ በስምዎ ይግቡ» ብሎ ገጹ ከለከላት።

ያን ጊዜ አለቀሰች።