ወደ ፊት ብቻ የተሸመነ ጉልበት

ትርሲት ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ጉልበት መውጋት ነው። በጦሳ ተራራ ሆድ ውስጥ በተቆፈረው ላቦራቶሪ ማሽኖች ልም አጥንት ይሸምናሉ፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ ጫፉን የሚሸፍነውን ነጭ ልባስ። ልባሱ ውሃ የጠገበ ዝልግልግ ነገር ነው። አፍኖ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል የሰውነት ክር ነው፤ ከአጥንቱ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ እንደ ቅስት ይጎብጣል፣ ላዩ ላይ ይተኛል። የጉልበት ጥንካሬ ሁሉ ከዚያ አተኛኘት ነው።

የዛሬዎቹ ሦስት ጉልበቶች አዲስ አልነበሩም። በዚሁ በሰሞነ ሕማማት ሰው ላይ ተቀደው የተመለሱ ናቸው። ቀለም ውስጥ በነከረችው መርፌ ወጋቻቸው። ቀዳዳው ክሩ በተኛበት በኩል ተሰነጠቀ፤ ሦስቱም ላይ ከፊት ወደ ኋላ። አንድ አግድም ክር የለም።

"ይኼ መራመጃ ነው" አለች።

ኃላፊዋ ምሕረተአብ ሳቀ። "ጉልበት ታዲያ ለምን ኖሯል?"

"ለመስገድ።"

ሳቁን ዋጠ።

ማሽኖቹ አሸማመኑን የተማሩት ከሰው ነው። በጎ ፈቃደኞቹን በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ያራመደቻቸው ራሷ ትርሲት ነበረች፤ የመጀመሪያዋም እናቷ ወይዘሮ አልጋነሽ። "ልስገድላችሁም እንዴ?" ሲሉ በባልደረቦቿ ፊት አፍራ "መራመዱ ይበቃል" አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ በምንጣፉ ላይ የተንበረከከ የለም፤ ማሽኖቹም መንበርከክን የሚችለውን አግድም ክር አልተማሩም። ከክረምት ወዲህ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ያንን ጉልበት አስገጥሟል፤ እናቷም ሁለቱንም። ዛሬ ደግሞ ስቅለት ነው።

ደወለች።

"እማዬ፣ ዛሬ እንዳትሰግጂ። ጉልበቱ አይችልም።"

"ልስገድ ብዬሽ አልነበር? አንቺ ነሽ ያፈርሽብኝ።" ድምፃቸው ቁጣ የለውም። "አባትሽ ካረፈ የመጀመሪያው ስቅለት ነው። መቶ ስግደት ተስዬለታለሁ። ከዚያ በኋላ ትጠግኚኛለሽ፣ ልጄ።"

ስልኩን ሳይዘጉ ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት። ከቤተ ክርስቲያኑ ኪርያላይሶን ተሰማ፤ ቀጥሎ የሺህ ሰው ጉልበት ድንጋይ ሲመታ።

"አንድ" አሉ እናቷ፤ ሲነሡም ተሰማ።

"ማሽኖቹን ላቁም?" አለ ምሕረተአብ። "የትኛው ነው የተበላሸው?"

"አንዱም አልተበላሸም።"

ከጀርባዋ ማሽኖቹ ያሳየቻቸውን ሰው ይሸምናሉ፤ ወደ ፊት ብቻ የሚሄደውን፣ ለማንም የማይወድቀውን። እሷ ከእናቷ ጋር ትቆጥራለች። አሥራ ሰባት ላይ አንድ ነገር እንደ እርጥብ ጨርቅ ተቀደደ። የመነሣት ድምፅ አልመጣም።

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

"አሥራ ስምንት" አሉ እናቷ፣ ከወደቁበት።