የማይወልቀው ቀለበት

ጨረቃ ደም መስላ በወጣችበት ዕለት ከሐመልማ ቤተ መንግሥት የዝናቡ ደወል ተሰረቀ። ደወሉ ካልተደወለ በዚያ አገር ጠብታ አይወርድም። የሰረቀው አርጎት የተባለው ዘንዶ ነው ተባለ፤ ዘንዶ ደወል ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ልዕልት ዘሚካ ሰይፏን ታጥቃ በአባቷ ዙፋን ፊት ማለች። «ደወሉን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!»

እጮኛዋ ልዑል ገላዮንና ጋሻ ጃግሬዋ፣ አብሮ አደጓ ትርንጎ ተከተሏት። በግራ ጣቷ የገላዮን ቀለበት ነበር። በሐመልማ ሕግ የእጮኛን ቀለበት አንጥረኛ ጣት ላይ ይበይደዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይወልቅም። ለፍቅር ነው ይላሉ። እኔን እንኳ አሳምነውኝ አያውቁም።

ተራሮቹን ሲያቋርጡ በተሸሸጉበት ሁሉ አርጎት እሳት እየተፋ ደረሰባቸው።

«ከመካከላችን ከሃዲ አለ» አለ ገላዮን፤ ትርንጎንም ከግንድ ጋር ጠፍሮ አሰራት። «እስከ ነገ ካልተናዘዘች አንገቷን እቀላለሁ!»

ዘሚካ አላመነችም። ትርንጎ እንዴት ትከዳኛለች? ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ከገደሉ ሥር ወዳለው ምንጭ ወረደች። ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ አርጎት መጣባት፤ ዐለት ሥር ገብታ ለጥቂት ተረፈች። ስትመለስ ገላዮን ፊቱን አጥቁሮ ጠበቃት።

«ምንጩ ዳር ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ምንጭ መውረዴን ማን ነገረህ?»

«ቀለበቱ ነዋ! የት እንዳለሽ ይነግረኛል። ስለምሳሳልሽ እኮ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ለአርጎትስ ይነግረዋል?»

የገላዮን እጅ ወደ ሰይፉ ሄደ። አይ ጉድ! ለካ ደወሉን ራሱ በአርጎት አሰርቆ፣ እሷን አስፈራርቶ ቤቷ ሊመልስ፣ ከዚያ ራሱ አምጥቶ ዙፋኑን ሊወርስ ኖሯል።

ዘሚካ ቀደመችው። ግራ እጇን ዐለት ላይ አሳርፋ በገዛ ሰይፏ ጣቷን ቆረጠች። ጩኸቷ ተራራውን አናጋው። ጣቷን ከነቀለበቱ ወረወረችበት፤ ካባው እጥፋት ውስጥ ገባ። አርጎት ቀለበቱን ተከትሎ ከሰማይ ወረደ፤ ጌታው መሆኑን ሳይለይ ነጥቆት ገደል ገባ። ዘሚካ ትርንጎን ፈታች፤ ጠባቂ ካጣው የአርጎት ዋሻም ደወሉን አወጡ።

ሐመልማ ላይ ደወሉ ሲደወል ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ። ሕዝቡ እየጨፈረ፣ ንጉሡ የልጃቸውን እጅ አይተው «ወይኔ! አሁን ማን ያገባታል?» አሉ። ንግሥቲቱ ግን ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው በጆሮዋ ጠየቋት።

«በጣም ያማል?»

«ያማል፣ እማዬ።»

ንግሥቲቱ የንጉሡ ቀለበት የተበየደበትን ግራ እጃቸውን በዙፋኑ መደገፊያ ላይ ዘረጉ።

«በይ ሰይፍሽን ምዘዢ» አሉ። «ቶሎ በይ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»