እሸቴ የገዛው ፍርስራሽ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬ የሚመጣ አይመስልም። አንቺ፣ የስልክሽን ባትሪ አጥፊው፤ ዓይኔ ውስጥ ነው የምታበሪው። ሽንት ቤት የሚሄድ ካለ አሁኑኑ ይሂድ፤ በኋላ መሃል ላይ ስደርስ ብቻዬን ፈራሁ ቢል የሚሸኘው የለም። ማንም የለም? ጥሩ፤ ስሙኝ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። በዚያ አገር በብርዱ ወራት አንድ ሰዓት ማለት ድቅድቅ ጨለማ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። መንገዱ ቁልቁለት ነው። በግራም ቤት አለ፣ በቀኝም ቤት አለ። ቤት አለ፤ ሰው ግን የለም። በሩ ወልቋል፣ ጣሪያው ወድቋል፣ መስኮቱ አፉን ከፍቷል። አንድ መቶ የድንጋይ ቤት፣ አንድም ሰው የለበትም! በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይወርዳል። ማን ነው? እሸቴ ነው።

እሸቴ የኛው አገር ሰው ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ግንበኛ። ድንጋይ ገና ሲያይ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ዓይነት ግንበኛ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ ስልክ በየኪሱ ሳይገባ። ጣልያን አገር የሰው ቤት ሲገነባ ስምንት ዓመት ሞላው። ሚስቱ ዘርፌ እዚሁ ቀርታለች። ተጋብተው አብረው የቆዩት አራት ወር ብቻ ነው። ስምንት ዓመት በደብዳቤ! እናንተ እንኳን ስምንት ደቂቃ መልስ ከዘገየባችሁ ታብዳላችሁ።

በሰባተኛው ዓመት የመንግሥት ሰዎች ሚስትህን ማምጣት ትችላለህ አሉት። ግን መጀመሪያ የምትኖሩበትን ቤት አሳየን አሉት፤ ጣሪያ ያለው፣ መስኮት ያለው፣ ውሃ ያለው ቤት። እሱ የሚያድረው ከስድስት ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ መሃል ነው ስለዚያ የተራራ መንደር የሰማው። ወጣቱ ሁሉ ለሥራ ባሕር ማዶ ሄዶ ቀርቷል፤ ሽማግሌዎቹ አልቀዋል፤ ቤቶቹ ፈርሰዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ፍርስራሹን በነፃ ማለት በሚቻል ዋጋ ይሸጣል። አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ጠግነህ ግባበት፤ አለዚያ እንነጥቅሃለን።

እሸቴ ገዛ። ተው የሚለው ዘመድ አጠገቡ የለ! ያውም ከሁሉም በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለውን ቤት ገዛ። ለምን እሱን? ግድግዳው እስከ ግማሽ ድረስ ጤነኛ ነበር፤ ምድጃውም አልተነካም። የግንበኛ ዓይን እንዲህ ያለውን ነው የሚያየው።

ከዳገቱ ሥር፣ ሰው ባለበት ሰፈር፣ ዶሜኒኮ የሚባል ሽማግሌ መጠጥ ቤት አለው። እሸቴ ጓዳውን ተከራይቶ ያድር ነበር። ዶሜኒኮ የትኛውን ቤት እንደገዛ ሲሰማ የሚያጥበው ብርጭቆ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«የኮንቼታን ቤት?»

«ኮንቼታ ማናት፣ ጋሽ ዶሜኒኮ?»

«የሞተች ሴትዮ ናት። ቀን ሥራ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውረድ። ደግሞ ብቻህን አትሂድ።»

«እኔ በዚህ አገር ከማን ጋር ልሄድ ነው?» አለ እሸቴ። እውነቱን ነው። ማንም አልነበረውም።

የመጀመሪያው ቀን ዳገቱን ወጣ፤ ፍርስራሹን ሲያወጣ ዋለ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ምድጃው ዳር ተቀመጠ። ዳቦና አይብ ከጨርቅ ፈታ። አንዷን ጉርሻ ወደ አፉ ሲያደርግ ሰው የሚያየው መሰለው። ታውቁታላችሁ አይደል? ማጅራት ላይ ቀዝቀዝ የሚል ነገር። ዞር አለ፤ ማንም የለም። እንግዲህ እሸቴ የኛ አገር ሰው አይደል? እያዩት መብላት አይሆንለትም። አፉ ቀደመውና ለባዶው ቤት፣ «እንብላ!» አለ።

እንብላ አለ። ከዚያ በራሱ ሳቀና ምሳውን በላ። የተረፈውን ግማሽ ዳቦ በጨርቁ ጠቅልሎ ምድጃው ላይ ትቶት ወረደ።

በማግስቱ ዳቦው የለም። አይጥ ነው አለ። ጨርቁን ግን አየው። ጨርቁ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጫፉ ከጫፉ ገጥሞ ተቀምጧል። እስቲ ንገሩኝ፤ አይጥ ጨርቅ ያጥፋል?

ማታውን ለዶሜኒኮ እንደ ቀልድ ነገረው። ዶሜኒኮ አልሳቀም።

«ምን ብለሃት ነው?» አለው።

«ለማን?»

«ለኮንቼታ! የሆነ ነገር ብለሃታል።»

«እንብላ ነው ያልኩት። ኑ፣ አብረን እንብላ ማለት ነው።»

«ባዶ ቤት ውስጥ? ማን በል አለህ?»

«እኛ አገር ሳይሉ መብላት ነውር ነው፣ ጋሽ ዶሜኒኮ!»

ሽማግሌው አማተበ። ከዚያ ወንበር ስቦ ሁሉንም ነገረው። ኮንቼታ አምስት ወንዶች ልጆች ነበሯት። አንድ በአንድ ባሕር ማዶ ሄዱ። ሁሉም ሲወጡ እመለሳለሁ አሏት፤ አንዱም አልተመለሰ። አምስተኛው ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለች። እሱም በመስኮት ዘሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከምድጃው ዳር አልተነሳችም። የሞተችውም እዚያው ተቀምጣ ነው።

«አንተ ደግሞ ማዕድ ላይ ጠራሃት» አለው። «ቤተሰብ አደረግሃት እኮ! ያ ቤት ከእንግዲህ ያንተ ብቻ አይደለም።»

እሸቴ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ተነስቶ ግን ወጣ። ምን ምርጫ አለው? በዚያ ቀን ምሳውን ዝም ብሎ ሊበላ ወሰነ። ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ተቀመጠ። ቆረሰ፣ አኘከ፣ አልዋጥለት አለ። ውሃ ጠጣ፤ አሁንም አልዋጥለት አለ። አሳፈረው። እንደ ሌባ ተደብቄ ልበላ ነው እንዴ ብሎ ተናደደና፣ «እሺ፣ እንብላ!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ወረደለት።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር አጣ። ሥራው ላይ ሆኖ በየደቂቃው ይዞራል። ቱንቢ ጥሎ ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን ሲለካ ክሩ እስኪረጋ ሳይጠብቅ ዞር ይላል። ቀኑ ደግሞ አጠረ፤ ብርዱ ገባ። በጊዜ ልውረድ ቢል ሥራው አያልቅም። አንድ ቀን ሲሠራ መሸበት። ያን ማታ ነው እንግዲህ በዚያ ጠባብ መንገድ ብቻውን ሲወርድ እርምጃ የሰማው። እሱ ሲረግጥ ይረግጣል። እሱ ሲቆም ይቆማል። ዞር አለ፤ ባዶ ቤት። በግራ ባዶ ቤት፣ በቀኝ ባዶ ቤት። ሮጠ። እርምጃው ሮጠ። የመጠጥ ቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ እርምጃው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ዳገቱን ተመልሶ ወጣ። እንደ ሸኚ!

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። ግንብ ማለት ድንጋይ መምረጥ ነው። ለቀዳዳው ልኩን ፍለጋ ጎንበስ ቀና ሲል ነው ግንበኛ ቀኑ የሚያልቅበት። አንድ ቀን እሸቴ ዓይኑ ግድግዳው ላይ እንዳለ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ልኩ የሆነ ድንጋይ እጁ ገባ። ገነባው። ደግሞ እጁን ሰደደ፤ ደግሞ ልኩ። ሦስተኛው ላይ ዞር አለ። ጠዋት ሲመጣ ተበትኖ የነበረው ክምር በየመጠኑ ተደርድሯል፤ ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ጋር።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሮጣለሁ አልክ? ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ጣሪያው ገና ነው፤ ሚስትህን ስምንት ዓመት አላየሃትም። ሩጥ እስቲ! እሸቴ ፈርቷል። ቢሆንም ኖራውን አማሰለና እጁን ወደ ኋላ ሰደደ።

ሁለት ሆነው ገነቡት። ይኸው ነው እውነቱ። ግድግዳው አለቀ፣ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ተጋደመ፣ ጣሪያው ተከደነ። ቀስ በቀስም ታየችው። መጀመሪያ ምድጃው ዳር የጥቁር ቀሚስ ጫፍ ብቻ ነበር። ሌላ ቀን ጎበጥ ያለ ጀርባ። ሌላ ቀን ሻሽ ያሰረ ራስ። ፊቷን አታዞርም። እሱም አልቀረባትም። «እማማ» እያለ ከሩቅ ያመሰግናት ጀመር። አያችሁ? ሰው እኮ ሁሉን ነገር ይለምዳል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች መጡ። ግድግዳውን ደበደቡ፣ ቧንቧውን ከፈቱ፣ ጣሪያውን አዩ፤ ፈረሙ። ወረቀቱ ተላከ። ዘርፌ በዕለተ ሐሙስ እንደምትደርስ ደብዳቤ መጣ። እሸቴ ደብዳቤውን አንብቦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልጋ ገዛ፣ ብርድ ልብስ ገዛ። ረቡዕ ማታ እዚያው አዲሱ ቤቱ አደረ፤ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ወርዶ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሊቀበላት ነው።

ከመተኛቱ በፊት ዝም ማለቱ ከበደው። ስንት ወር አብራው የሠራችን ሴት እንዴት ሳይነግራት ይወጣል? ምድጃው ዳር ጎበጥ ብላ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ስላገዙኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ነገ ሚስቴን ልቀበል እሄዳለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዞረች። ዓይኗ መሆን ያለበት ቦታ የምድጃ ጥቀርሻ ነበር። በአገሯ ቋንቋ ጠየቀችው።

«ትመለሳለህ?»

 ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ?

«እመለሳለሁ» አለ።

አምስቱም ያሏት ይህንኑ ነው! ሌላ ቃል ጠፍቶ!

ሌሊት በእንቅልፉ ኳ፣ ኳ የሚል ሰማ። ድንጋይ ድንጋይ ሲነካ። ሲነቃ ጨለማ ነው። ይነጋል ብሎ ጠበቀ፤ ጨለማ ነው። ክብሪት ጫረ። በሩ የለም። በሩ በነበረበት ግንብ ቆሟል። መስኮቱም የለም፤ ግንብ ነው። የተገነባውም በራሱ አገነባብ ነው፤ የድንጋዩ አቀማመጥ፣ የኖራው አለሳለስ፣ ሁሉም የእሸቴ እጅ። ስንት ወር እያየች ተምራለች።

መዶሻ አነሳ። አንድ ድንጋይ አወጣ፤ መሬት አስቀመጠ። ሁለተኛውን ሲያወጣ አንደኛው ቦታው ተመልሷል። ደግሞ አወጣ፤ ደግሞ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ! ጣቱ ደማ። አውቶቡሱ ሄዷል፤ አውሮፕላኑ አርፏል፤ ዘርፌ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ከኋላው ምድጃው ነደደ። እሱ አላነደደውም።

ዘርፌስ? ጠበቀች፤ ጠበቀች፤ ቀረ። ስምንት ዓመት ጠብቄ እንዲህ ያደርገኛል ብላ አለቀሰች። ያገሯ ልጆች አገኟት፤ የያዘችውን አድራሻ አይተው ባቡር ላይ፣ ከዚያም አውቶቡስ ላይ አሳፈሯት። መሽቶ ዶሜኒኮ ቤት ደረሰች። ሽማግሌው እሸቴ አብሯት አለመኖሩን ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ። ፋኖሱን አነሳ። ያን መንገድ ለሁለት ወጡት።

ቤቱ ቆሟል። ጣሪያ አለው። በር የለውም።

«እሸቴ!» ብላ ጮኸች። «እሸቴ!»

«ዘርፌ?» አለ ከውስጥ። ድምፁ ነው። ስምንት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ።

«በሩ የታለ? ምን ሆነሃል?»

«አሁን አትጠይቂኝ! ድንጋይ ልገፋልሽ ነው። እጅሽ ላይ ያዢው፤ መሬት እንዳታስቀምጪው። መሬት ከነካ ተመልሶ ይገባል።»

በሩ በነበረበት በኩል ገፋ። ተቀበለች። አልተመለሰም! ለዶሜኒኮ አሳቀፈችው። ሁለተኛ ገፋ፤ እሱንም ለዶሜኒኮ አሳቀፈችው። ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የእሳት ሽታ አለው።

ዘርፌ አላስቻላትም። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ድረስ አስገባች። «እጅህን ስጠኝ» አለችው። «አንድ ጊዜ ብቻ ልያዝህ።»

እጅ መጣ። ያዘችው። ወደ ቀዳዳው ሳብ አድርጋ ሳመችው። ቀዝቅዟል። «ውዴ፣ እንዴት ከሳህ!» አለች። እንባዋ እጁ ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ ከወዲያ፣ መስኮቱ ከነበረበት በኩል፣ የእሸቴ ድምፅ መጣ።

«ዘርፌ፣ ወዲህ ዙሪ! ይሄኛው ትልቅ ነው፤ በሁለት እጄ ተሸክሜዋለሁ፤ ቶሎ ነይና ተቀበይኝ!»

ዘርፌ እጇን ልታወጣ ፈለገች። የያዘችው እጅ ጠበቅ አደረጋት፤ ወደ ውስጥም ይስባት ጀመር።