ፓስወርድ ያደረግኩት ስም

እኔ ብዙ የማወራ ሴት አይደለሁም፣ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ። ጥላ ታየ፣ ድምፅ ተሰማ ሲባል «እስቲ ጸልዩና ተኙ» የምል ነበርኩ፤ ከቅዱሳን ተአምር በቀር እንዲህ ያለ ወሬ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። አሁንም ቢሆን አመንኩ አልልም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ሰቆጣ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬን በታይፕ ስጽፍ ኖሬ ኮምፒውተር መጣና ተማሪ ተባልኩ፣ ተማርኩም፣ ግን እውነቱን ለመናገር አላመንኩትም። ታይፑ ላይ የመታሁት ፊደል ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ይሄኛው ግን ከወልድያ እየመጣ የሚጠግነው እንዳለ የሚባል ልጅ «አፕዴት» እያለ አንድ ነገር በጫነበት ቁጥር የሆነ ነገር ይነሣኛል። አንድ ጊዜ የሳምንት ሥራዬ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ጠበቀኝ፣ ሌላ ጊዜ ፕሪንተሩን አላውቀውም አለ። «እንዳለ፣ ታድሶ ነው ወይስ ታሞ?» ስለው ይስቃል፣ «እትዬ ሽታዬ፣ ለእርስዎ ደኅንነት እኮ ነው» ይለኛል።

መጀመሪያ ሲተክለው ፓስወርድ ያስፈልጋል፣ ማንም የማያውቀው ቃል ይምረጡ አለኝ። ማንም የማያውቀው ምን ቃል አለኝ? ለእኛ እንዲህ ያለው ቃል አንድ ነው፣ የክርስትና ስም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል ስለሚባል ለጎረቤት እንኳ አይነገርም። የራሴን እንዳልሰጠው ፈራሁ፣ የልጄን የትርሃስንማ ጨርሶ አላስበውም። ከእሷ በፊት የወለድኩት ወንድ ልጅ ነበረኝ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ የሄደብኝ። ስሙን የምናውቀው ያጠመቁት ቄስ፣ የክርስትና አባቱ፣ አባቱና እኔ ነበርን፤ ሦስቱም ዐርፈዋል፣ ለትርሃስም ነግሬያት አላውቅም። እሱ በጌታ እጅ ነው፣ በስሙ ማን ምን ያደርገዋል ብዬ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል እሱን አስገባሁ። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ስሙን በጣቴ እጠራዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ነጥብ ብቻ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ያን ክረምት ትርሃስ የመጀመሪያዋን አርግዛ እኔ ቤት ነበረች፣ ባሏ አምደወርቅ ከተማ ያስተምራል። ቀኗ ቀርቧል። እኔ የመጀመሪያዬን ያጣሁ ነኝና ፍርሃቴን ለማንም ሳልናገር ይዤው እዞር ነበር፣ ልመናዬም ያ ብቻ ነበር፣ ልጇን እንዲያተርፍላት።

እንዳለ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጣ። «እትዬ፣ ፕሮግራሙ ቀዳዳ ተገኝቶበታል፣ በስልኩ መስመር ሰው ገብቶ የተጻፈውን ሊያይ ይችላል፣ መድፈኛው ይሄ ነው» ብሎ ሲዲ አሳየኝ።

«ቀዳዳ እንዳለው ሳታውቁ ነው የሰጣችሁን?»

«የሠሩትም አላወቁም።»

ዘበኛችን አያ በሪሁን በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። «መዝጊያ ረስቶ ቤት ያስረከበ አናጢ እኛ አገር ቢሆን ሒሳቡን ያገኝ ነበር!» አሉ፣ ሳቅን።

እንዳለ ሲዲውን ጭኖ፣ «እስኪጨርስ አይንኩት» ብሎኝ ምሳ ሊበላ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ወረደ፣ ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠው ጀመር። መብረቅ ሲሆን ሶኬት መንቀል ልማዳችን ነው፣ አይንኩት መባሌን ረስቼ ነቀልኩት። ኮምፒውተሩ ጸጥ አለ። ወዲያው የከተማው መብራትም ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ይዞ የሚያቆየው ባትሪ ደግሞ ተበላሽቶ ከተወሰደ ቆይቷል፣ ይሄን ልብ በሉልኝ።

ቁጭ ብዬ በልቤ ውዳሴ ማርያም ስደግም ከኮምፒውተሩ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሲነሣ እንደሚያደርገው ክር ክር አለ፣ ከዚያ ለስለስ አለና፣ እመኑኝ፣ ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚያሰማው ድምፅ ሆነ። ገመዱን አየሁት፣ ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀና ስል ስክሪኑ ገርጥቶ በርቷል። ሌላ ምንም የለበትም፣ የልጄ ስም ብቻ። ነጥብ አይደለም፣ በእንግሊዝኛም አይደለም፤ በእኛው ፊደል፣ ቄሱ እንደጠሩት፣ ሙሉውን። ከሥሩ ትንሿ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«በስመ አብ» ብዬ አማተብኩ።

በሩ ተከፈተ። አያ በሪሁን ናቸው፣ ውሃው ከጋቢያቸው ይንጠባጠባል። «ሽታዬ፣ የማንን ሕፃን ነው የያዝሽው?»

«ሕፃን የለም አያ በሪሁን።»

«እንዴ! በዚህ ጆሮዬ! ያረጀሁት በጉልበቴ ነው እንጂ በጆሮዬ አይደለም።»

ስዞር ስክሪኑ ጠቁሯል። ወዲያው የቢሮው ስልክ ጮኸ፣ ጎረቤቴ ናት። ትርሃስን ድንገት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ወስደዋታል።

በዚያ ዝናብ ሮጥኩ። ስደርስ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሲወጣ ትንፋሽ አልነበረውም አለችኝ አዋላጇ፤ «ሄደ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ማን እንደቀሰቀሰው እንጃ፣ አለቀሰ።» ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ዛሬም አመሰግናለሁ፣ የሰጠኝ እግዚአብሔር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በማግስቱ እንዳለ ያቋረጥኩበትን ጭኖ ሲጨርስ፣ ያየሁትን ነግሬ ጠየቅሁት። «አይሆንም እትዬ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ አይበራም። ፓስወርዱን እኔም ላየው አልችልም። ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አማርኛ አይጻፍም፣ ፊደሉ የለውም።»

«ቀዳዳውስ ተደፈነ?»

«የታወቀው ተደፍኗል።»

የታወቀው! ይቺን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲያ አልነሣ ብሎ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ።

አርባ ቀኑ ደረሰ። ያጠመቁት ቄስ በቅርቡ ከሰሃላ የመጡ ናቸው፣ ቤተሰባችንን አያውቁም። ስሙን ሲሰይሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ያው ስም ነው። ትርሃስ አየችኝና «እማ፣ ምነው አመድ መሰልሽ?» አለች። «ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። ደስ ብሎኝም ነበር። ግን በዚህ ስም ማንም አይጎዳም ብዬ ለኮምፒውተሩ የሰጠሁት አሁን ትንፋሽ ያለው ልጅ ስም ሆኗል።

ሰኞ ጠዋት፣ እንዳለ ስሙን እንዲያወጣልኝ ደውዬ ልለምነው ስገባ ጠረጴዛዬ ባዶ ነው። «ወስዶታል፣ አዲስ ይመጣልሻል» አሉኝ አያ በሪሁን። ወልድያ ደወልኩ።

«ተሽጧል እትዬ። ግን አይስጉ፣ ያለበትን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«የሚታየውን ሁሉ።»

ማን እንደገዛው አያውቅም።

ልጁ አሁን ይሮጣል፣ ጤነኛ ነው፣ ተመስገን። ስሙን ለእናንተም አልነግራችሁም። አንድ ነገር ብቻ አለ። ዝናብ ጥሎ መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ከጨዋታው ቀና ይልና «አቤት» ይላል። ከመካከላችን የጠራው የለም። በየትኛው ስሙ እንደተጠራ አልጠይቀውም፣ አማትቤበት እቅፍ አድርጌው እቀመጣለሁ፣ መብራቱ እስኪመጣ።