አቤት ያለው ማን ነበር

እኔ በጂን ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ የሥራ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ «ደብል ሺፍት በዝቶባችሁ ነው» እያልኩ የምስቅ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ለጨዋታ ብሎ ነው እንዳትለኝ።

እሁድ ከሰዓት ነው፣ ፕሊማውዝ ካለው ከምሠራበት መጋዘን ኦፍ ነኝ፣ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ በረዶው ሰው አያስወጣም፣ ልጄ ሌላ ስቴት ከሄደች ወዲህ ሴዳር ሪቨርሳይድ አፓርታማዬ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የሰው ድምፅ ይኑር ብዬ ቲቪ ከፈትኩ። ጥቁርና ነጭ የድሮ የፈረንሳይ ፊልም መጣ፣ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ልዘጋው ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ለምን መሰለህ፣ እኔም ወሎ ውስጥ አዳሪ ተማሪ ነበርኩ። ከአልጋዬ ጎን የሚተኛው ልጅ ከድር ይባላል፣ አንድ ሌሊት በአጥር ሾልኮ ወጣ፣ ጠዋት ስም ሲጠራ እንዳይቀጣብኝ ብዬ በእሱ ፋንታ «አቤት» አልኩ። በዚህ የተነሳ እስከ ማታ የፈለገው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ይህን ለሟች ሚስቴም፣ ለልጄም ተናግሬ አላውቅም።

እና ፊልሙ ላይ መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ፣ ልጆቹ በፈረንሳይኛ ይመልሳሉ፣ አንዱ ስም ላይ ሁሉም ዝም አሉ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ቀጭን የልጅ ድምፅ «አቤት» አለ። በአማርኛ! ወላሂ ነው የምልህ። ወደ ኋላ መለስኩት፣ የለም። ደግሜ መለስኩት፣ ዝምታ ብቻ። ቲቪውን ጭራሽ ዘጋሁት። ወዲያው ከመኝታ ቤት በኩል የአልጋ ሽቦ ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማሁ፣ እኔ ደግሞ አልጋ እንኳ የለኝም፣ ፍራሼ መሬት ላይ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ናቸው፣ በሰሃን ሳምቡሳ ይዘዋል።

«እንግዳ መጥቶልሃል ለካ» አሉኝ።

«የምን እንግዳ፣ እትዬ?»

«ልጁ ነዋ! ከቀትር ጀምሮ ‹ከድር፣ ከድር› እያልክ ስትጠራው፣ እሱም ‹አቤት› ሲልህ እየሰማሁ አይደል እንዴ? ምነው ሰኢድ፣ ልጅ አይደክመውም? በል ተወው፣ ይህን ይብላ።»

እመነኝ፣ እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ያን ቀን አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ልጅ የለም ልላቸው ፈለግኩ፣ ግን እንዴት ብዬ?

«እሺ፣ እሰጠዋለሁ» አልኩ።

ሰሃኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ፣ ውጭው ጨለመ፣ መብራት ለማብራት እንኳ አልተነሳሁም። ስሙ ምላሴ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ቢመልስልኝ ምን እለዋለሁ? ዝም ቢለኝስ? በረዶው ሁለቴ ቀልጦ ሁለቴ ተመለሰ፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ አልጠራሁትም።